እምቢ ያለ ሻፍት፤ መኪናው ሳይጎዳ ስለሚወጣበት ዘዴ

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ ብረት ነው። ብረቱም ከፊት ጎማቸው በሚነዱ መኪናዎች ላይ ከካምቢዮ ተነሥቶ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ በተለመደው አጠራሩ ድራይቭ ሻፍት የሚባለው ነው። «ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ ለተማሪ መጽሔት ምን ያደርግለታል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ምክንያታችንን አስቀድመን እንገልጻለን።

እንደሚታወቀው በአገራችን የሚነዳው የቤት መኪና አብዛኛው ሌላ አገር ብዙ ዓመት ያገለገለ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጣ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው አሮጌ ቪትዝና አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት መኖር አለበት። ባለቤቱም አንዳንዱን ጥገና በግቢው ውስጥ፣ በወንድሙና በጎረቤቱ እጅ ለመሥራት ይገደዳል። ይህም የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን ሥራውን ሳያውቅ የጀመረው እንደ ሆነ ጥቂት ብር ለማዳን ሲል ካምቢዮ ይሰብራል፤ ከዚያም በከፋው ሕይወቱን ያጣል።

በእንጅባራ ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ረጅም፣ ዝናቧ ብዙ፣ ጭቃዋም የታወቀ ነው። ከዋናው የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ቀበሌ የሚገባ መኪና ሁሉ ከሥሩ እርጥብ ጭቃ ተሸክሞ ይመለሳል። ጭቃው በብረትና በብረት መካከል ገብቶ ወራት ሲቀመጥ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ሁለቱን ብረቶች እንደ አንድ አድርጎ ያጣብቃቸዋል። ሻፍት «እምቢ አለ» የሚባለው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

ሻፍት ምንድን ነው?

መኪና ወደ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት የነበሩት መኪናዎች በኋላ ጎማ የሚነዱ ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የፊት ጎማ መሪ ተከትሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መታጠፍ አለበት፤ የሚታጠፍን ጎማ ደግሞ ቀጥ ባለ ዘንግ ማዞር አይቻልም። በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ሊቅ ሮበርት ሁክ ያጠናው የመስቀል መጋጠሚያ ዘንግን ያጥፋል፤ ሆኖም በታጠፈ መጠን አዙሪቱ እኩል መሆኑ ይቀርና አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል፤ ጎማውም ይንቀጠቀጣል። ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት አልፍሬድ ዜፓ የተባለ መሐንዲስ በስድስት የብረት ኳሶች ፈታው። ኳሶቹ ሁልጊዜ በማጠፊያው ማዕዘን እኩሌታ ላይ ስለሚቀመጡ የሚያዞረውና የሚዞረው ዘንግ እኩል ፍጥነት ይኖራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ሚኒ የተባለችው የእንግሊዝ መኪና በዚህ መጋጠሚያ ከተጠቀመች ወዲህ በፊት ጎማ መነዳት በትንንሽ መኪናዎች ዘንድ ተስፋፋ።

እንግዲህ የቪትዝ ወይም የኮሮላ ሻፍት ሁለት መጋጠሚያ አለው። የውጭኛው፣ ማለት በጎማው በኩል ያለው፣ ባለ ኳስ ነው። የውስጠኛው፣ ማለት በካምቢዮው በኩል ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ተሽከርካሪ ያለው ሆኖ በአንድ የብረት ጽዋ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሁለቱም ግራሶ ተሞልተው በጎማ ሽፋን ይታሰራሉ። ሽፋኑ ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፤ ጭቃ ይገባል፤ መጋጠሚያውም ይበላል። ሲታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የውጭኛው ታሟል። ቤንዚን ሲሰጡት መኪናው ከተንቀጠቀጠና እግር ሲነሣ ካቆመ የውስጠኛውን መጠርጠር ይገባል። ከካምቢዮው ጎን ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ሻፍቱ ደኅና ሆኖ የዘይት ማገጃው ጎማ አልቆ ይሆናል፤ እርሱንም ለመለወጥ ሻፍቱ መውጣት አለበት።

ለምን እምቢ ይላል?

ሻፍት የሚይዘው በሁለት ቦታ ነው፤ የሚይዝበትም ምክንያት በሁለቱ ቦታ ልዩ ልዩ ነው። ይህን ሳይለይ መዶሻ የሚያነሣ ሰው በከንቱ ይደክማል።

በጎማው በኩል የሻፍቱ ጫፍ ቁመታዊ ጥርሶች አሉት። እነርሱም በሞዞው ውስጥ ካሉት ጥርሶች ጋር ይገጥማሉ፤ በላዩ ትልቅ ዳዶ ይጠብቃል። እዚህ ጠላታችን ዝገት ነው።

በካምቢዮው በኩል ግን ዝገት የለም፤ ቦታው ዘወትር በዘይት ይታጠባልና። እዚያ የሚይዘው በሻፍቱ ጫፍ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ የተቀመጠ፣ አንድ በኩል ክፍት የሆነ ቀጭን የሞላ ቀለበት ነው። ሻፍቱ ሲገባ ቀለበቱ ይጠበብና ጥርሱን አልፎ ሲጨርስ ተመልሶ ይሰፋል። ሻፍቱ እንዲወጣ ከተፈለገ ቀለበቱ እንደገና መጥበብ አለበት። ቀስ ብሎ የሚጎትት ኃይል ቀለበቱን በጥርሱ ጠርዝ ላይ ይጭነዋል እንጂ ቶሎ አያጠበውም፤ ድንገተኛ ምት ግን ያጠበዋል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ኪሎ የሚመዝን መዶሻ በሰከንድ 5 ሜትር ፍጥነት ሄዶ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ቢቆም፣ በዚያች ቅጽበት የሚሰጠው አማካይ ኃይል 5000 ኒውተን ነው፤ ይህም የግማሽ ቶን ክብደት ማለት ነው። ሁለት ጎረምሶች ተደጋግፈው ቢጎትቱ ይህን ያህል ኃይል አይሰጡም። ስለዚህ በውስጠኛው ጫፍ ጉልበት ሳይሆን አጭርና ስለታም ምት ነው የሚሠራው።

ከሥራው በፊት

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ደኅንነት እንናገራለን፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ። ክሪክ መኪና ለማንሣት እንጂ መኪና ተሸክሞ ለመቆየት አልተሠራም። አንዲት ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች፤ በሻፍት ሥራ ላይ ደግሞ መኪናውን እንመታዋለን፣ እንገፋዋለን፣ እናናውጠዋለን። ስለዚህ መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በብረት ማቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ ከሌለ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አጠር አጠር አድርጎ ቆርጦ፣ እንደ መስቀል እያነባበሩ መደርደር ይቻላል። ድንጋይ አይሁን፤ ድንጋይ በክብደት ሥር ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃልና። የኋላ ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ይታገዱ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። የግቢው መሬት ክረምት የጠጣ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሳንቃ ይነጠፍ። የወለቀው ጎማም ዝም ብሎ አይጣል፤ በመኪናው ጎን ሥር ይጋደም፤ ምናልባት መኪናው ቢወድቅ ጎማው ይቀበለዋል።

ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ 30 ቁጥር ቡሶላ ከጠንካራ እጀታ ጋር፣ አንድ ሜትር የሚሆን የብረት ቱቦ፣ መዶሻ፣ የናስ ወይም የመዳብ ቁራጭ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ጫፍ ያላቸው ጠንካራ ብረቶች፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሽቦ፣ የዘይት መቀበያ ሳፋ። ከእነዚህም በላይ ጊዜ ያስፈልጋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው በዚህ ሥራ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል፤ የቸኮለ ሰው የካምቢዮውን ዘይት አፍሶ የመጋጠሚያውን ተሽከርካሪዎች ከመሬት ይለቅማል።

አንደኛ፤ ዳዶውን መፍታት

ዳዶው መላላት ያለበት መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ጎማው መሬት ረግጦ ሳለ ነው። አስቀድሞ በዳዶው ላይ ያለው ማገጃ ሽቦ ይወጣል፤ ወይም የዳዶው ከንፈር ወደ ሻፍቱ ቦይ የታጠፈ እንደ ሆነ በትንሽ መሮ ይቃናል። ይህን ዘሎ መፍታት የሻፍቱን ጥርስ ያበላሻል።

በብዙዎቹ የቶዮታ ትንንሽ መኪናዎች ይህ ዳዶ የሚጠብቀው በ216 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር እጀታ ለመፍታት ከ70 ኪሎ በላይ ጫና ይፈልጋል፤ ማለት አንድ ሙሉ ሰው መቆም አለበት። አንድ ሜትር ቱቦ ቢጨመርበት ግን 22 ኪሎ ብቻ ይበቃል፤ ይህም ውሃ የተሞላ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ክብደት ነው። አርኪሜድስ ስለ ሞፈር የተናገረው ሁሉ በዚህች ቱቦ ላይ ይታያል። የዛገ ዳዶ የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል ቱቦው ቅንጦት አይደለም። ሰውየው በቱቦው ላይ ይጫን እንጂ አይዝለልበት፤ ቡሶላው ቢያመልጥ የሚሰበረው አጥንት ነው።

ሁለተኛ፤ ከሞዞው ማላቀቅ

መኪናው ተነሥቶ በድጋፍ ላይ ከተቀመጠና ጎማው ከወለቀ በኋላ የጥርሶቹ አካባቢ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግና የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይጨመርበታል። ማላቀቂያው ከታጣ ናፍጣ ከጥቂት ቀጭን ዘይት ጋር ተደባልቆ ያገለግላል፤ ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው ዘይቱ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ነው። ማታ ቀብቶ ማሳደር፣ ጠዋት ደግሞ መቀባት፣ በየመካከሉ በቀላሉ መምታት። ምቱ ዝገቱን ያነቃንቃል፤ ዘይቱ በተከፈተው ስንጥቅ ይገባል።

ከዚያ ዳዶው ከሻፍቱ ጫፍ እኩል እስኪሆን ድረስ ይመለሳል፤ በላዩ የናስ ቁራጭ ይደረግና በመዶሻ ይመታል። የብረት መዶሻ በቀጥታ የሻፍቱን ጫፍ ቢመታ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይተፋል፤ ዳዶውም ከዚያ ወዲያ አይወጣም፤ ቢወጣም አይገባም። አሥር ጥሩ ምት ካላላቀቀው ምቱን ማክበድ አያስፈልግም፤ በሞዞው ብሎኖች ላይ የሚታሰር መንቀያ ከጋራዥ መከራየት ይሻላል። መንቀያው ከጠበቀ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይተውና የመንቀያው ራስ አንዴ ይመታ፤ ብዙ ጊዜ ሻፍቱ በዚያን ጊዜ «ጧ» ብሎ ይለቃል።

እሳት የሚያነድዱ ሰዎች አሉ። እኛ አንመክርም። ከሞዞው በስተጀርባ ኩሽኔታ አለ፣ ግራሶ አለ፣ የጎማ ማገጃ አለ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦም አለ። ሙቀት እነዚህን ሁሉ ያበላሻል።

ሻፍቱ ከሞዞው ከላላ በኋላ የታችኛው ቴስቲና ከክንዱ ይፈታል፤ ሞዞውም ወደ ውጭ ይገፋና የሻፍቱ ጫፍ ነጻ ይወጣል። የፍሬኑ መያዣ ከወለቀ በሽቦ ይታሰር፤ በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ አይቅር። የፍጥነት መለኪያ ሽቦ ያለው መኪና ከሆነ ሽቦው እንዳይወጠር አስቀድሞ ይለቀቅ።

ሦስተኛ፤ ከካምቢዮው ማውጣት

ሳፋው ከሥር ይደረግ፤ ሻፍቱ ሲወጣ ዘይት ይከተለዋልና። የካምቢዮው ዘይት አስቀድሞ ቢፈስስ የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት ሻፍቱን በመካከሉ ይዞ መጎተት ነው። የውስጠኛው መጋጠሚያ ተንሸራታች ነው ብለናል፤ ሲጎተት ጽዋው በካምቢዮው ውስጥ ይቀርና ዘንጉ ብቻውን ይወጣል፤ ተሽከርካሪዎቹም በሽፋኑ ውስጥ ይበተናሉ። ስለዚህ ኃይሉ መድረስ ያለበት ለዘንጉ ሳይሆን ለጽዋው ነው።

ሁለቱ ጠፍጣፋ ብረቶች በጽዋውና በካምቢዮው መካከል፣ አንዱ በአንድ ጎን፣ ሌላው በተቃራኒው ጎን ይገባሉ። ከአንድ ወገን ብቻ ቢሠራ ጽዋው ያጋድልና ይጣበቃል። ብረቶቹ የሚደገፉት በካምቢዮው ወፍራም አጥንት ላይ እንጂ በስሱ ግድግዳ ወይም በዘይት ማገጃው ላይ አይደለም፤ የካምቢዮው ቤት አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ሳይታጠፍ ይሰነጠቃል። ስስ ጣውላ ከመካከል ማድረግ ይጠቅማል። ከዚያም ሁለቱ በአንድ ጊዜ፣ በአጭር ንቅናቄ ይገፋሉ።

ካልወጣ ሻፍቱን አንድ ሦስተኛ ዙር አዙሮ እንደገና መሞከር ነው። ለብዙ ሰው ይህ አስማት ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የሞላው ቀለበት በቦዩ ውስጥ ልል ስለሆነ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ በዚያ ወገን ጥርሱን አጥብቆ ይነክሳል። ሲዞር ቀለበቱ ቦታውን ይለውጣል፤ ከመካከል ሲውል ደግሞ በእኩል ይጠባል። አራት አምስት ጊዜ እያዞሩ መሞከር ጉልበት ከመጨመር ይበልጣል።

ይህም ካልሆነ ተንሸራታች መዶሻ አለ። በረጅም ብረት ዘንግ ላይ ከባድ ክብደት ይሰካል፤ ዘንጉ በአንድ ጫፉ ጽዋውን በጀርባው በሚይዝ ሹካ ያልቃል፤ ክብደቱ ወደ ውጭ ተወርውሮ የዘንጉን ማቆሚያ ሲመታ ጽዋው ወደ ውጭ ይሰነዘራል። ይህን ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። የምቱ አቅጣጫ ግን ከሻፍቱ ጋር ቀጥ ይበል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። አንደኛው፣ በአንዳንድ መኪና በቀኝ በኩል ያለው ረጅሙ ሻፍት ከሞተሩ ጋር በብሎን በታሰረ ኩሽኔታ ውስጥ ያልፋል። ይህ ሳይፈታ ሲመታ ቢውል አይወጣም። ስለዚህ አስቀድሞ በባትሪ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ይገባል። ሁለተኛው፣ በአንዳንድ ካምቢዮ ሁለቱም ሻፍቶች በአንድ ጊዜ ከወጡ በውስጥ ያሉት ማርሾች ከቦታቸው ይወድቃሉ፤ ካምቢዮውም ካልተፈታ አይመለሱም። ስለዚህ አንዱን ገጥሞ ሌላውን ማውጣት የታመነ መንገድ ነው።

መቼ እንተው?

በእኛ አስተያየት የመካኒክ ጥበብ ግማሹ መቼ መተው እንደሚገባ ማወቅ ነው። ሻፍቱ በውስጠኛው በኩል ፈጽሞ እምቢ ካለ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ መውጣት የግድ ነውን? ሥራው የተቀደደ ሽፋን ወይም የተበላ የውጭ መጋጠሚያ ለመለወጥ ከሆነ ጽዋው በካምቢዮው ውስጥ እንዳለ መተው ይቻላል። የውስጠኛው ሽፋን ማሠሪያ ይፈታል፤ ዘንጉ ከጽዋው በጥንቃቄ ይወጣል፤ ሥራው በጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ ይመለሳል። የዘይት ማገጃው ለሚለወጥ ወይም ጽዋው ራሱ ለተበላ ግን ይህ መንገድ አይሆንም። በዚያን ጊዜ ወደ ባለሙያ መሄድ ውርደት አይደለም፤ የማውጫው ዋጋ ከአንድ የካምቢዮ ቤት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን መኪናው ሻፍት በሞዞው ውስጥ ሳይኖር በጎማው ላይ ቆሞ አይሂድ፤ ሻፍቱና ዳዶው ኩሽኔታውን አንድ ላይ አጥብቀው የሚይዙ ናቸውና፣ ያለ እነርሱ ኩሽኔታው ይበላሻል። ተጭኖ ይሂድ።

መመለሻው

የሞላው ቀለበትና ዳዶው አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌ ቀለበት ሻፍቱን ወይ አይይዝም ወይ አይለቅም። የሞዞው ጥርሶች በብሩሽ ጸድተው ስስ ግራሶ ይቀቡ፤ ይህ ካልተደረገ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚፈታው ሰው እኛን ያማርራል። ሻፍቱ ወደ ካምቢዮው ሲገባ የቀለበቱ ክፍት ወገን ወደ ታች ይሁን፤ የዘይት ማገጃው ከንፈር በጥርሱ እንዳይቆረጥ ቀጥ ብሎ ይግባ። ቀለበቱ ሲይዝ ይሰማል። ከዚያም ጽዋው በእጅ ወደ ውጭ ይፈተን፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ተንቀሳቅሶ ከቆመ በርግጥ ይዟል። ዳዶው በልኩ ጠብቆ ማገጃው ይመለስ። የፈሰሰው ዘይት ያህል አዲስ ይሞላ፤ ይህን የረሳ ሰው ቻግኒ ሳይደርስ ካምቢዮውን ያቃጥላል። ጥር 23 ቀን በከተማችን በሚከበረው በዓል የሚታዩት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ወደ ኮርቻ ከመውጣታቸው በፊት ማሰሪያውን ይፈትሻሉ፤ የመኪና ባለቤትም ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶውንና የዘይቱን ጠብታ ቢመለከት ከእነርሱ ተማረ እንላለን።

መደምደሚያ

በጋራዦቻችን የሚነገሩት ቃላት፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱን ወርሰን የራሳችን አደረግናቸው። ዕውቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ከመምህር ወደ ረዳት በቃልና በጥፊ ሲተላለፍ ኖረ እንጂ በወረቀት ላይ እምብዛም አልሰፈረም። በሌላ በኩል በክፍል ውስጥ ስለ ሞመንትና ስለ ኢምፐልስ ፈተና የሚጽፈው ተማሪ ዳዶ ሲፈታ አይቶ አያውቅም። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ከተማ እየኖሩ አይተዋወቁም።

መኪና ወደ አገራችን በገባበት በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲያቆም አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ቀጥቃጩን የሚንቅ ልማድ ዛሬ ስሙን ለውጦ እጁ ዘይት የነካውን መካኒክ «ያልተማረ» ብሎ ይጠራዋል። እኛ የምንለው፣ ቀለበቱ ለምን ሻፍቱ ሲዞር እንደሚለቅ የሚያውቅ ሰው ተምሯል፤ ምክንያቱን በቀመር የሚያስረዳውም ተምሯል፤ ሁለቱ በአንድ መኪና ሥር የተጋደሙ ዕለት ግን አገር ተማረች ይባላል። መኪናው በክሪክ ብቻ እንዳይቆም ግን አደራ!